ብርሃን የጠላ ዐይን

ዊዳድ ዐይን ታያለች። ይህን መጀመሪያ ያለችው ራሷ ናት፤ ኋላ ሌላውም አለላት። ደሴ ፒያሳ ላይ ከእናቷ ከከድጃ የወረሰቻት አንድ በር ሱቅ አለቻት። ሽቶ፣ ሒና፣ ሻሽ ትሸጣለች፤ ከሁሉም በላይ ግን ኩል። ደንበኛ ገና ደረጃውን ሳይጨርስ ዐይኑን አይታ ትፈርዳለች። "አንተ ትናንት አልተኛህም።" "አንቺን ያስለቀሰሽ ሽንኩርት ነው ወይስ ባል?" ምላሷ ከምላጭ ይስላል፤ ሰውም እየተቆረጠ ተመልሶ ይመጣል፣ የምትለው እውነት ስለሚሆን።

ትምህርት ያቋረጠችው ስምንተኛ ክፍል ላይ፣ እናቷ አልጋ ስትይዝ ነው። ከዚያ ወዲያ ያስተማራት ሰው የለም። ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ስስ ወረቀት ሰው አጣጥፎ ሲጥለው እሷ አንሥታ ታነባለች። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ካየች ሳትጨርስ አትሄድም። ስልኳ ውስጥ ከሰው ፎቶ የቀላ ዐይን ፎቶ ይበዛል። "ዶክተሮቹ ሰባት ዓመት ያነበቡትን እኔ ሰባት ዓመት በዐይኔ አየሁት፤ የሚበልጡኝ በነጩ ጋውን ብቻ ነው" ትላለች። ስትለው አትስቅም።

እውቀቷንም በግጥም አሳጥራዋለች። ራሷ የገጠመችው ነው፤ የፒያሳ ባጃጅ ነጂ ሳይቀር ያውቀዋል።

*ያሳከከው አቧራ፣ የተጣበቀው ማዝ፤*
*ብርሃን የጠላ ዐይን ሆስፒታል ይጓዝ።*

ሁለት መስመር ነው፤ ግን የስንቱን ዐይን አትርፏል። የሚያሳክክና ውሃ ብቻ የሚያወርድ ዐይን አቧራ ወይም አበባ ተቆጥቶት ነው፤ ይተወዋል። ጠዋት በቢጫ ዐይናር ተጣብቆ የሚነጋ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር፣ ከልጅ ወደ እናት የሚጋባ ማዝ ነው፤ በቅባትና በንጽሕና ይለቃል። ብርሃን ሲያይ የሚሸሽ፣ ውስጥ ድረስ የሚወጋ፣ እይታው የሚደበዝዝ ዐይን ግን ከሱቅ በር ላይ አይቆምም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው። ዊዳድ ይህን ከገዛ ስሟ እኩል ታውቀዋለች። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ የሚያከብደውም እሱ ነው። ሳያውቁ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው፤ እነሱን አላህ ይማራቸው።

የአክስቷ ልጅ ሲድራ ልታገባ አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ ከገራዶ ገጠር የመጣች አንዲት ሴት ወንድ ልጇን አዝላ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

"አሰላሙ ዐለይኩም። ዐይን የምታየው አንቺ ነሽ?"

"ወዐለይኩም ሰላም። አሳዪኝ። አንዱ ነው ሁለቱ?"

"ሁለቱም። ጠዋት በለብታ ውሃ ካልፈታሁት አይከፈትለትም።"

"ወደ መንገዱ አዙሪው።"

ልጁ ፀሐይ ወደመታው አስፋልት ዞረ። ዐይኑ በዐይናር ተሞልቶ ቢሆንም ብርሃኑን አልሸሸም፤ እንዲያውም ወደሚያልፈው ባጃጅ እጁን ዘረጋ።

"አብሽሪ፣ ማዝ ነው። ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ቅባት ይሰጡሻል። እስከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጽጂለት፤ ለቀኙ አንድ ጨርቅ፣ ለግራው ሌላ። ፎጣ ከወንድሞቹ ጋር እንዳይጋራ። እጅሽን በሳሙና። ዝንቡንም እሽ በይው፣ ዘመድሽ አይደለም።"

ሴትዮዋ ሳቀች። ከዚያ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን የብር ኩል መኳያ አየችና ሳቋን አቆመች።

"ፎጣ ካጋባ፣ እንግዲህ የኩሉ እንጨትስ አያጋባም?"

"ይኼ?" ዊዳድ መኳያውን አነሣችው። ቅድመ አያቷ ከየመን፣ ከሆዴይዳ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ በወገቡ ይዞት የመጣ ነው ይባላል፤ ቀጭን፣ ከጣት ትንሽ የሚረዝም፣ አናቱ ላይ የወይን ዘለላ የተቀረጸበት። "ሴትዮ፣ ይኼ እኮ ብር ነው። ብር ማዝ አይዝም።"

"እንዲያ ነው?" አለች የገራዶዋ ሴት፣ ያላመነች ናት። ልጇን መልሳ አዝላ ሄደች። ዊዳድ ከኋላዋ "አሁን ደግሞ ገበሬ ሊያስተምረኝ" ብላ ሳቀች።

ያ የብር መኳያ በእነ ዊዳድ ቤት ተራ ዕቃ አይደለም። ከቤተሰቡ አንዲት ልጅ ስትዳር፣ ያላገቡት የቤተሰቡና የጎረቤት ሴት ልጆች ሁሉ በተርታ ይቀመጣሉ። መኳያው ከትንሿ ይጀምርና ሁሉንም በየተራ ኩሎ መጨረሻ ሙሽራዋ ጋ ይደርሳል። ኑር መሰብሰብ ይሉታል። የእያንዳንዷ ልጅ የዐይን ብርሃን በመኳያው ጫፍ ተለቃቅሞ ሙሽራዋ ላይ ያርፋል ነው ነገሩ። ስለዚህ በመሃል አይጠረግም። ከተጠረገ ኑሩም ይጠረጋል። የሚኩለው እጅ ደግሞ አንድ ነው፤ ድሮ የከድጃ ነበር፣ ከድጃ ከሞተች ወዲህ የዊዳድ። የከድጃ እጅ ያረፈበት ዐይን አያለቅስም ይባል ነበር። ዊዳድ ይህን ስም ከሱቁ በላይ ትጠብቀዋለች፤ ሱቅ ቢዘጋ ይከፈታል።

የሠርጉ ዕለት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ገባች። ሲድራ ክር ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሥራዋ ዐይን ነው፤ ሺህ ክር ጎን ለጎን ሲሮጥ የተበጠሰውን አንዱን መለየት። "ያቺ ልጅ ዐይን አላት" ብለው ነው ፈረቃ የሚሻሟት። ሠርጓ አልፎ ሁለት ሳምንት ዐርፋ ልትመለስ ፈቃድ ወስዳለች። ከትንሽነቷ ጀምሮ ክረምት ክረምቱን ዊዳድ ሱቅ ነው ያደገችው፤ ያንን ግጥም መጀመሪያ የሰማችውም፣ "ሐኪም ይታዘዝ" የነበረውን "ሆስፒታል ይጓዝ" በይው ብላ ያሳመረችውም እሷ ናት።

ክፍሉ በሴት ተጨናንቋል። ድቤው ይመታል። ዘጠኝ ልጆች በተርታ ተቀምጠዋል፤ ሙሽራዋ ዐሥረኛ። ዊዳድ መኳያውን ብልቃጡ ውስጥ ነክራ ከትንሿ ጀመረች።

"ወደ ላይ እዪ። አትንቀጥቀጪ፣ ላርድሽ አይደለም።"

"ዊዳድ፣ ለእኔ ወፈር አድርጊልኝ፣ ባል በሩቅ እንዲያየኝ!"

"አንቺንማ በሩቅ ያየሽ ነው የሚሻለው።"

ሳቁ ቤቱን ሞላው። እንዲህ እያለች ሰባተኛዋ ጋ ደረሰች። ፈትሂያ ናት፣ የሙሽራዋ ጎረቤት። ዊዳድ አገጯን ይዛ ቀና ስታደርጋት፣ ሽፋሽፍቷ ሥር ቢጫ ነገር ደርቆ አየች። በቀኙም በግራውም። ጠዋት በውሃ የተፈታ ዐይን ነው። ለማወቅ ግጥም አላስፈለጋትም።

"ምነው ቆምሽ?" አለች አክስቷ ኡሙሰልማ፣ የሙሽራዋ እናት።

ፈትሂያ ፊቷ ቀላ። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ዊዳድ "ይቺን እንዝለላት" ብትል፣ ከኑር የተዘለለች ልጅ ተብሎ ስሟ ሠፈሩን ሲዞር ይኖራል። መኳያውን ብትጠርገው ኑሩን ጠረገችው ይባላል፣ ያውም የከድጃ ልጅ። ደግሞስ ብር አይደል?

ኳለቻት። ሳትጠርግ ወደ ስምንተኛዋ አለፈች፣ ወደ ዘጠነኛዋ፣ ከዚያ ወደ ሲድራ።

የሲድራን ቀኝ ዐይን ኩላ ወደ ግራው ስትዞር፣ በር ላይ "ሙሽራው መጣ!" የሚል ጩኸት ተነሣ። እልልታው ሲፈነዳ ሲድራ ደነገጠች፤ መኳያው ከዐይን ቆቧ ጠርዝ አመለጠና የዐይኗን ጥቁር ጫረው።

"ወይኔ! ወጋሽኝ!"

"ባል ሲመጣ የደነገጥሽው አንቺ፣ ወጊዋ እኔ!" አለች ዊዳድ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሲድራም እያለቀሰች ሳቀች። ከግራ ዐይኗ የወረደው እንባ ኩሉን ይዞ እስከ ጉንጯ ጥቁር መስመር ሠራ፤ ኡሙሰልማ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። ኒካሑ ታሰረ። ዓይነ ርግቡ ፊቷ ላይ ወረደ። ሲድራ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ወዳለው የባሏ የሙንዚር ቤት ተወሰደች።

ሙሽራ ሰባት ቀን ከጫጉላ ቤት አትወጣም። መጋረጃ ይወርዳል፣ ፊት ይሸፈናል፣ ድምፅ ይቀንሳል።

ሰኞ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ዊዳድ ልትጠይቃት ለዝየራ ወረደች። የሲድራ አማት ዐሊማ በር ላይ ነው የተቀበለቻት፤ ደስታዋ ፊቷን አስፍቶታል።

"መርሐባ፣ መርሐባ! ግቢ ልጄ። ማሻ አላህ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነው የሰጣችሁን! ሦስት ቀን ሙሉ ቀና ብላ አላየችንም። በር በተከፈተ ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እንባዋ አይደርቅ። የዘንድሮ ሙሽራ ስልኳን ይዛ ነው ባል ቤት የምትገባው፤ ይቺ ግን ሐያእ ያላት፣ እፍረት የምታውቅ ናት፣ የድሮ ሰው ያሳደጋት።"

"አሳድገናታል፣ እማ ዐሊማ" አለች ዊዳድ፣ ኩራት ቢጤ ተሰምቷት።

"በይ ግቢና አጫውቻት። እናቷ ናፍቃት ነው፤ አይዞሽ በያት።"

ክፍሉ ጨለማ ነው። ሲድራ ጥግ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች፤ ከዓይነ ርግቡ ላይ ሌላ ሻሽ ደርባለች።

"ዊዱ፣ አንቺ ነሽ? በሩን ዝጊው። ቶሎ።"

ዘጋችው።

"ሙሽሪት፣ አገሩን ሁሉ በሐያእ አንቀጠቀጥሽው አሉ።"

"ምን ሐያእ አለ። ዐይኔን ነው። ያ የወጋሽኝ።" ድምፅዋ ደክሟል። "በሩ ሲከፈት መርፌ ነው የሚገባብኝ። እስከ ጆሮዬ፣ እስከ ጥርሴ ይወርዳል። አላለቅስም፤ እሱ ራሱ ነው የሚያለቅሰው።"

"ይጣበቃል?"

"አይጣበቅም። ውሃ ነው።"

"ቀኙስ?"

"ቀኙ ደህና ነው። ዊዱ፣ ብርሃኑን አልቻልኩም። ብርሃን የጠላ—"

"ዝም በይ!"

እንዲያ ብላ መጮኋን ራሷም አላወቀችም። ሻሹን ገለጠች፤ በጨለማው ያበጠ ቆብ ብቻ ይታያል። ወደ መስኮቱ ሄዳ መጋረጃውን በአንድ ጣት ስፋት ከፈተችው። ቀጭን የፀሐይ መስመር ምንጣፉን አቋርጦ ሲድራ ጉልበት ላይ ወጣ። ፊቷ ላይ ሳይደርስ ሲድራ ተወግታ እንደወደቀች ሁሉ ግንባሯን ትራሱ ውስጥ ቀበረች። ለቅጽበት ግን ዊዳድ አይታዋለች። በጥቁሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት የጠቆረ ቅላት፤ ጥቁሩም ራሱ ጥራቱ የለም፣ እንደተነፈሱበት መስታወት ደብዝዟል።

መጋረጃውን ለቀቀችው። ጨለማው ተመለሰ።

አንድ ዐይን። አይጣበቅም። ይወጋል። ብርሃን ይሸሻል። የገራዶን ልጅ በአንድ ዕይታ የለየች ሴት ይህን አልለየችም የሚል ካለ ይዋሻል። ለየችው። ከዚያም ወጥታ ለዐሊማ የምትለውን በልቧ ሞከረችው። "ሙሽራሽን በሦስተኛ ቀኗ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሁን ደሴ ሆስፒታል ውሰጂ።" ለምን ይሏታል። መኳያው ወግቷት። መኳያው ብቻ? ከእሷ በፊት ማዝ የያዛት ልጅ ነበረች፤ አይቻለሁ፤ አልጠረግሁም። ነገ ጠዋት የኮምቦልቻ ገበያ፣ ከነገ ወዲያ ፒያሳ፤ "የከድጃ ልጅ ሙሽራ አሳወረች።" የእናቷ እጅ በመቃብሯ ውስጥ ሲደርቅ ታያት።

ከዚያ ደግሞ መውጫ አገኘች። ከትናንት ጀምሮ ስልኳ ሲጮህ ነው የዋለው። ከስምንተኛዋና ከዘጠነኛዋ ልጅ ቤት ተደውሏል፤ ሁለቱም ዐይናቸው ተጣብቆ ነው የነቁት። እነሱን ማዝ ከያዛቸው ይቺንም ማዝ ነው። ምናልባት ገና አልተጣበቀም እንጂ ነገ ይጣበቃል። ሰምጦ የሚሄድ ሰው ሣር እንደሚይዝ ይህን ያዘች።

በሩ ተከፈተ፤ ዐሊማ አንገቷን አስገባች። "ምነው፣ ጩኸት ሰማሁ? ልጄ ምን ሆነች?"

ሲድራ ከትራሱ ውስጥ ሆና ጆሮዋን አቀናች። የዊዳድን ቃል እየጠበቀች ነበር።

"ማዝ ነው" አለች ዊዳድ። "ከልጆቹም ሁለቱን ይዟቸዋል። በሰባት ቀኗ ይለቃታል፣ ኢንሻ አላህ።"

"አልሐምዱሊላህ! እኔ ደግሞ ሌላ ነገር መስሎኝ።"

ከቦርሳዋ ቅባት አውጥታ ሰጠች፤ ጠዋትና ማታ ብላ፣ ፎጣዋን ለብቻ ብላ፣ ሁሉንም በትክክል አዝዛ ወጣች። ሲድራ "እሺ" ብቻ ነበር ያለችው። ዊዳድ ካለች አለች ነው። ክረምቱን ሁሉ የተማረችው ይህንን ነው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የዊዳድ ግን ወለምታም አልነበረም፤ አስባ ነው የተናገረችው። ሐረጎን ሽቅብ ስትወጣ "ነገ ደውዬ እጠይቃለሁ" አለች። ማክሰኞ ደወለች፤ ስልኩ ዐሊማ እጅ ነው፣ "ደህና ናት፣ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ" አለቻት። ረቡዕ ልጆቹ ደወሉ፤ ዐይናቸው ጠርቷል፣ ፈትሂያም ድናለች። "አላልኩም?" አለቻቸው፤ ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ አመድ ሆነ። ሐሙስ አንድ ሽማግሌ "ዐይኔን ያሳክከኛል" ብሎ መጣ። ወደ ብርሃን አዙራ አየችውና ምንም ሳትቀልድ ሸኘችው። ሽማግሌው ከደረጃው ተመልሶ "አሞሻል እንዴ ልጄ?" አላት።

ዓርብ፣ በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ሙንዚር ደወለ። ደረቅ ወደብ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ብዙ የማይናገር ሰው።

"ዊዳድ፣ ዛሬ ዓይነ ርግቡን አነሣንላት። ለመልሱ ወደ ደጅ አወጣኋት።" ተነፈሰ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በማዝ ጊዜ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር ይወጣል?"

ዊዳድ ተቀመጠች።

"ምን ያህላል?"

"የምስር ክክ ያህላል። መሃሉ ላይ ነው። በዚያ ዐይን እጄን አታየውም።"

"አሁኑኑ ሆስፒታል አምጣት።"

"መልሱስ? በጉ ታርዷል፣ ዘመድ ተጠርቷል። ከጁምዓ በኋላ ብናመጣትስ?"

"በጉን ብሉት! እሷን አምጣት!"

ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሲድራ ጋቢ ከአናቷ ተጥሎባት፣ በባሏና በእናቷ ተደግፋ ወረደች። ዐሊማ ከኋላ፣ የመልስ ልብሷን እንደለበሰች። ዊዳድ እጇን ልትይዛት ስትቀርብ ሲድራ በጋቢው ውስጥ ሆና "ማነሽ?" አለች። ዊዳድ እጇን ሰበሰበች።

የዐይን ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከዊዳድ ብዙ አትበልጥም። ሲድራን ወንበር ላይ አስቀምጣ ቢጫ ቀለም ጠብ አደረገችባት፤ ሰማያዊ መብራት ስታበራ ሲድራ ጮኸች። ሐኪሟ ለረዥም ጊዜ አየች። ከዚያ መብራቱን አጥፍታ መጋረጃውን ጋረደችላትና ወደ ቤተሰቡ ዞረች።

"ቁስል ነው። የዐይኑን መስታወት በልቶታል። ዛሬ አልጋ ትይዛለች፤ በየሰዓቱ መድኃኒት ይገባላታል። ዐይኑ እንዳይፈስ እንሞክራለን። ስለ ማየቱ ግን ቃል አልገባላችሁም።" እስክሪብቶ አነሣች። "ብርሃን መሸሽ የጀመረችው መቼ ነው?"



"ዐይን ነው፣ ዶክተር" አለች ዐሊማ። "የሰው ዐይን ነው የበላት። ሠርግ ላይ ስንት ዐይን አለ!"

"እማማ፣ እሱን አይደለም የጠየቅሁዎት። በር ሲከፈት ፊቷን አታዞርም ነበር?"

"ታዞራለች እንጂ! ሙሽራ እኮ ናት። ሙሽራ ብርሃን ትወዳለች እንዴ?" ዐሊማ ይህን ብላ ሳትጨርስ እጇ አፏ ላይ ሄደ።

ሙንዚር ጫማውን እያየ፣ "መብራት አጥፋልኝ ትለኝ ነበር" አለ። "አፍራ መስሎኝ።"

ሐኪሟ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከቁጣ ይልቅ ድካም ነው ፊቷ ላይ ያለው። "ስለዚህ ማንም አላወቀም" ብላ ልትጽፍ ጎንበስ አለች።

ዊዳድ በዚያች ሰዓት ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ በዐይን ተጀምሮ በዐይን ባለቀ ነበር። ማንም አይጠይቃትም። ዐሊማ መልሱን አስቀድማ ሰጥታታለች፤ ዘመድ ሁሉ ይዞት ሊዞር ዝግጁ ነው።

"ሰኞ" አለች።

ሐኪሟ ቀና አለች። "በምን አወቅሽ?"

"መጋረጃውን ከፍቼ አየሁ። ሸሸች።"

"ከዚያስ?"

"ማዝ ነው አልኳቸው።"

"ማዝ መስሎሽ?"

ዊዳድ በሕይወቷ መልስ አጥታ አታውቅም። አሁንም አላጣችም፤ መልሱ አንድ ብቻ በመሆኑ ነው የዘገየችው።

"አይ" አለች።

ከቦርሳዋ የብር መኳያውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከልጆቹ አንዷ ማዝ እንደያዛት አይታ እንዳልጠረገችው፣ ከሲድራ በፊት ዘጠኝ ሰው ዐይን እንደገባ፣ እልልታው ሲነሣ ጥቁሩን እንደጫረው ተናገረች። ሐኪሟ መኳያውን በጓንቷ ያዘችና ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ቧጣጭ ነው" አለች። "ብሩ አርጅቶ ጫፉ ተልጧል። ጭሮ መንገዱን የከፈተውም፣ ጀርሙን ያስገባውም ይኼው ነው።" ከዚያ ወረቀቱ ላይ *ሰኞ* ብላ ጻፈች። "ሰኞ መጥታ ቢሆን ኖሮ—" ብላ ጀመረችና ተወችው። ቀሪውን ሁሉም ሰማው።

ኡሙሰልማ አልጮኸችም፣ አልተማታችም። የወንድሟን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው አየቻት። "በእጄ እኮ ነው ነጠላዬን አውጥቼ እንባዋን የጠረግሁት" አለች። "በእጄ።" ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ከመጋረጃው ጀርባ የሲድራ ድምፅ መጣ። ጮክ አላለችም፤ ያኔ ሱቅ ውስጥ ዊዳድ ስትጀምር እሷ እንደምትጨርሰው ዓይነት ነበር።

"ሆስፒታል ይጓዝ።"

ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ዐይኑ አልፈሰሰም። ከሁለት ወር በኋላ ሕመሙም ተወ፤ ጥቁሩ ግን እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ቀረ። ሲድራ ፋብሪካ ተመልሳለች። ክር መለየቱን ትታ ካርቶን ማሸግ ላይ ገብታለች። ዐሊማ ለጠየቃት ሁሉ እስከ ዛሬ "የሰው ዐይን ነው" ነው የምትለው፤ ያን ቀን ሆስፒታል የሰማችውን እንዳልሰማች ሆና። ዘመድም እሱን ይመርጣል። እንዲያውም ባለፈው ከቤተሰቡ ሌላ ልጅ ልትዳር ሲሆን ሁለት ሴቶች ሱቁ ድረስ መጥተው መኳያውን ለመኑ።

"አልሰጥም።"

"ወጉ ይቅር ነው የምትይ?"

"ይቅር። ኩል የፈለገች የራሷን እንጨት ትያዝ።"

"እናትሽ ብትኖር እንዲህ ትይ ነበር?"

"እናቴ ብትኖር መጀመሪያ የምትረግመኝ እኔን ነበር" አለች፤ ሴቶቹ ኩራቷ ነው ብለው እያጉረመረሙ ወጡ።

ሱቁ አልተዘጋም። ሰው አሁንም ዐይኑን ይዞ ይመጣል። ዊዳድ ሁሉንም ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥታ፣ እጁን ይዛ፣ ወደ ደጅ ፀሐይ ታወጣዋለች። ቅንጣት ታህል ከሸሸ ባጃጅ ጠርታ ራሷ አብራው ሆስፒታል ትሄዳለች፤ "ነገ እሄዳለሁ" የሚላትን ደረቱን ይዛ ነው የምታስገባው። ግጥሙን ግን ከዚያ ወዲህ ከአፏ የሰማ የለም። ልጆች መንገድ ላይ ሲሉት ስትሰማ በሩን ትዘጋለች።

ሲድራ በየወሩ ለክትትል ደሴ ትመጣለች። ወደ ሆስፒታሉ ስትሄድ በፒያሳ ነው፤ የዊዳድ ሱቅ በግራዋ በኩል ይሆናል፣ በነጩ ዐይን በኩል። አትፈጥንም፣ አትዘገይም፣ አንገቷን አታዞርም። ዊዳድ ወሩን ጠብቃ ደጁ ላይ ትቆማለች፤ የማያይ ዐይን ፊት፣ እስክታልፍ ድረስ።

ስትመለስ ሱቁ በቀኟ ይሆን ነበር። ስትመለስ ግን በሌላ መንገድ ነው።